«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያልተባለችው አራስ

በሥራ ላይ ሳለሁ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ውጪ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። የሌሊት ተረኛ ሆኜ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ነጠላቸውን ተከናንበው እዚያ የተቀመጡ ሴቶች አያለሁ። ለሚያልፍ ሰው አስታማሚ ይመስላሉ። ነገር ግን ከወለዱ ሁለትና ሦስት ቀን የሆናቸው አራሶች ናቸው። እነሱ «ደህና ነሽ» ተብለው ከማዋለጃ ወጥተዋል፤ ልጃቸው ግን ገና ማሞቂያ ውስጥ ነው።

ከእነሱ አንዷን አልረሳትም። ልጇ በሰባት ወሩ ተወልዶ 1,300 ግራም ይመዝናል። በአራተኛው ቀን ጡቷ ሊነጥፍ ደረሰ። «ምን በላሽ?» አልኳት። «ጠዋት ሻይ በዳቦ» አለችኝ። «ቤተሰብ የለሽም እንዴ?» ስላት «አሉ ሲስተር፤ የልጁ ነገር እስኪለይ ለማንም እንዳትናገሪ ተብዬ ነው» አለች።

እንዲህ ያሏት አማቷ ናቸው። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም፤ ልጁ ካልተረፈ ምራታቸው በሰው ፊት እንዳትሳቀቅ ሰግተው ነው። ሆኖም «እስኪለይ» የተባለው ጊዜ ገንፎ የሌለበት፣ አጥሚት የሌለበት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው የሌለበት የአራስነት ጊዜ ሆነባት።

ዛሬ የምጽፈው በተለይ ለአያቶች ነው። ልጁን ሐኪሞቹ ይዘውታል፤ እናቲቱን መያዝ የእናንተ ድርሻ ነው። እሷ ካልተያዘች ለልጁ የሚደረገው ሕክምናም ይጎድላል።

በመጀመሪያ፣ ወልዳለችና እንኳን ደስ ያለሽ በሏት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ማለት ልጁ እስኪወጣ የሚቆይ ነገር አይደለም። በፊቷም «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚለውን የድሮ አባባል አታንሱ። እውነት አይደለም። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ይባላል፤ በማህፀን የቆየበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ደግሞ ለሳንባውም ለአንጎሉም ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ወተቱ ነው። ከ34 ሳምንት ገደማ በፊት የተወለደ ልጅ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ አይችልም። ስለዚህ የታለበ የእናቱ ወተት በቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። እንገሩ ጥቂት ጠብታ ቢሆንም አይናቅም። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀቱ ስስ ነው፤ የእናት ወተት ከከባድ የአንጀት በሽታና ከኢንፌክሽን ይከላከልለታል። ልጁ ባይጠባም ጡቷ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን 8 ጊዜ ያህል መታለብ አለበት፤ ካልታለበ ይነጥፋል። ይህን ደግሞ የራባት፣ እንቅልፍ ያጣችና ያዘነች ሴት ብቻዋን አትችለውም። አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣ፣ ሰዓቱን የሚያስታውሳት፣ እሷ ጋደም ስትል ወንበሩ ላይ ተክቷት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል።

ሦስተኛው ገላ ለገላ ማቀፍ ነው። የካንጋሩ እንክብካቤ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ሐኪሞች ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማቆየት ጀመሩ። እኛም አገር ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አጥንተውት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ ገና ከጅምሩ በእናታቸው ደረት ላይ ከቆዩት ሕፃናት መካከል የሞቱት ቁጥር ያነሰ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት በተቻለ ፍጥነት ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲህ እንዲታቀፉ ይላል።

እኛ ልጅ በጀርባ ማዘል እናውቃለን፤ ይህ በደረት ማዘል ነው። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ በደረት መካከል ይቀመጣል፤ አንገቱ እንዳይታጠፍ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፤ ከላይ በነጠላ ይታሰራል። እናቱ ስትደክም አባትም አያትም ሊያቅፉት ይችላሉ። ክፍሉ ይፈቅድ እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጠቡ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አይግባ።

አባትንም አትርሱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ እሱም በመድኃኒት ቤትና በካርድ ክፍል ሰልፍ ያልቃል። «ምን ልርዳህ?» ከማለት «የዛሬውን መድኃኒት እኔ እገዛለሁ» ወይም «ትልቁ ልጅ እኛ ጋ ይደር» ማለት ይሻላል። ሐኪሙን የሚጠይቅም አንድ ሰው ይሁን፤ ሦስት ዘመድ ሦስት ወሬ ይዞ ሲመጣ እናቲቱ ትረበሻለች። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ዛሬ ክብደቱ ስንት ነው? ስንት ሚሊ ሊትር ወተት ወሰደ? አተነፋፈሱ እንዴት ነው? መቼ እንቀፈው? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስ ብዙ ጊዜ የሚጠበቅ ነውና አትደንግጡ።

አንዳንዱ ልጅ አይተርፍም። ያን ጊዜ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አትበሏት። እሷ ያጣችው ይኼኛውን ልጅ ነው። ስም አውጥታለት ከሆነ በስሙ ጥሩት። ልጁ ካረፈ በኋላም ጡቷ ወተት ያግታል፤ በሚቀጥሉት ቀናት ብቻዋን አትተዋት።

ልጁ ተሽሎት ቤት ሲገባ ደግሞ ቅቤ አይላስ፣ እንጥሉ አይቆረጥ፤ ከሰል፣ ዕጣንና የጠያቂ ብዛት ይራቁት። መጥባት እምቢ ካለ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከዛለ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ክትባቱ ከተወለደበት ቀን ይቆጠራል። መቀመጡና መራመዱ ግን መወለድ ከነበረበት ቀን ስለሚቆጠር ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

ስለዚያች እናት ልጨርስ። እውነቱን ለመናገር፣ አማቷ በመጀመሪያው ቀን መጥተው «እማማ፣ ውጪ ይጠብቁ» ብዬ ከበር የመለስኳቸው እኔ ነበርኩ። ምራታቸውን የት እንደሚያገኙ እንኳ አልነገርኳቸውም። በአምስተኛው ቀን አስጠራኋቸውና ወንበሩን አሳየኋቸው። በማግስቱ በፔርሙዝ አጥሚት፣ በሳህን ገንፎ ይዘው መጡ። ወተቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ አማቷ እጃቸውን ታጥበው ልጁን በደረታቸው አቀፉት፤ ምራታቸውም ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ልጁ 1,800 ግራም ሲሞላ ይዘውት ወጡ።

እንዲህ ያለ አግዳሚ ወንበር ዛሬም በየሆስፒታሉ አለ። የምታውቋት አራስ እዚያ ተቀምጣ እንደሆነ «እስኪለይ» አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሂዱላት።