በቆመችበት የምትደክም መኪና

ሰው በንብረቱ ላይ ጉዳት ባገኘ ጊዜ ምክንያቱን ከመመርመር ይልቅ በደለኛውን መፈለግ ይቀናዋል። እኛም በዚህ ጥፋት ወድቀን ስለ ነበር፥ ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

መኪናችን ከተገዛች ገና ስምንት ወሯ ነበር። አንድ ሰኞ ማለዳ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ ብንወጣ ሞተሩ አልነሣ አለ፤ ባትሪው ፈጽሞ ደክሞ ነበር። ቅዳሜ ዕለት መኪናዋን ያጠበው የ17 ዓመቱ ልጃችን ነበረና፥ «መብራት ሳታጠፋ ትተህ ነው» ብለን ገሠጽነው። እርሱም «አባባ፥ ሁሉንም አጥፍቼ ነው የወረድሁት» ብሎ አንገቱን ደፋ። ባትሪው ተሞልቶ ሳምንቱን በደኅና ሠራ። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ያው ችግር ተመለሰ፤ ልጁም በነዚያ ሁለት ቀኖች ከአያቱ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። የፈረድነው ሳንመረምር እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን፤ «ሳይገድሉ ጎፈሬ፥ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለው በእኛ ደረሰ።

ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን በቴስተር አስለካን። አስቀድሞ የሚታየው የባትሪው ጤንነት ነው። የተለመደው የ12 ቮልት ባትሪ ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ቢታይ ዲናሞው በደኅና ይሞላል። የእኛ ባትሪም ዲናሞም ጤነኞች ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የቀረው፥ መኪናዋ ቆማ ሳለች ኤሌክትሪኩን በስውር የሚጠጣውን ማግኘት ነው።

የዛሬ መኪና ቆሞም ሳለ ለማንቂያ ደወሉና ለኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ይኸውም እንደ ልማዱ ከ50 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ልክ በቀን 1.2 ብቻ ስለሚጎድልበት ብዙ ቀን ይቆያል። ግማሽ አምፔር የሚወሰድበት ግን በቀን 12 ይጎድልበታል፤ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ግማሹ ያልቃል። በአጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ስለማያድር ይህን አይችልም።

ሠራተኛው ቁልፉን ከመኪናዋ አርቆ፥ በሮቹን ዘግቶ፥ የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ፈታና ቴስተሩን በሽቦውና በባትሪው መካከል አገባ። ኮምፒዩተሮቹ እስኪያንቀላፉ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት መሞከር አይገባም፤ ቴስተሩን ያቃጥላልና። ቍጥሩ 0.48 አምፔር ላይ ቆመ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ቢነቅል፥ በአንደኛው ላይ ወደ 0.03 ወረደ። ያ ፊውዝ የሚመግበው ባትሪው ከመድከሙ ጥቂት ቀን አስቀድሞ እኛው ራሳችን በፊት መስተዋት ላይ ያስተከልነውን ካሜራ ነበር፤ ሽቦው ሞተር ሲጠፋ ከማይቋረጥ መስመር ጋር ስለ ተያያዘ ካሜራው ሌሊቱን ሁሉ ይሠራ ነበር።

ሽቦው ከሞተሩ ጋር አብሮ ወደሚጠፋ መስመር ተዛወረ፤ መኪናዋም ከዚያ ወዲህ አልደከመችም። አዲስ ባትሪ ገዝተን ቢሆን ኖሮ እርሱም እንደዚያው በደከመ ነበር፤ እየደጋገመ ፈጽሞ የሚያልቅ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ተጎድቶ ዕድሜው ያጥራል።

አንባቢዎቻችንም እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው፥ መኪናዋ ከተገዛች በኋላ የተጨመረባትን ዕቃ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ቀጥሎም በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሳይጠፋ የሚቀር መብራት እንዳለ ይመርምሩ። የዋስትና ጊዜዋ ያላለቀ እንደ ሆነ ግን ሽቦዋን ሳያስቆርጡ የተለካውን ቍጥር ጽፈው ለሸጠው ያቅርቡ።

ልጃችንን በዚያው ማታ በማዕድ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ፈገግ ብሎ «እንግዲያውስ ቅዳሜ እኔው አጥባታለሁ» አለን።