ማይክ አለው፣ አፍ የለውም!

ስለ ኳስ እንዲያወራ የተቀጠረ ሰው ስለ ሰው ቢያወራ ምን ይደርስበታል? እንግሊዝ አገር የሆነውን ላውጋችሁና ወደ ራሳችን ጓዳ እንገባለን።

ጋሪ ሊንከርን የማያውቅ ኳስ አፍቃሪ የለም። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ 6 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በተጫዋችነት ዘመኑ አንድም ቢጫ ካርድ አላየም። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማይክ ጨበጠ፤ ከ1999 እስከ 2025 ድረስም «ማች ኦቭ ዘ ዴይ» የተባለውን ዝነኛ የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም መራ። በዓመት 1.35 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተከፈለበት ጊዜም ነበር። እንጀራው እንዲህ የወፈረለት ሰው ዝም ቢል ማን ይፈርድበታል?

እሱ ግን ዝም አላለም። በማርች 2023 የእንግሊዝ መንግሥት በትናንሽ ጀልባ የሚገቡትን ስደተኞች አስሮ ለማባረር ሕግ ሲያረቅ፣ ሊንከር በትዊተር ገጹ «ይህ ጭካኔ ነው፣ ቋንቋውም የ1930ዎቹን ጀርመን ይመስላል» የሚል ሐሳብ ጻፈ። ወዲያው «አንተ ኳስህን አውራ!» ተባለ።

እኔ ግን ያገባዋል ባይ ነኝ። በኖቬምበር 2021 በዚያው ባሕር ላይ ቢያንስ 27 ሰዎች ሲያልቁ ኢትዮጵያዊም አብሮ ሰጥሟል። ለኛ ሬሳ የተቆረቆረን ሰው «ምን አገባህ?» የሚሉት ባለሥልጣናት ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም።

ቢቢሲ «ገለልተኛነትን ጥሰሃል» ብሎ ከስክሪን አወረደው። ገለልተኛነት ወይ! የዚያን ጊዜው የቢቢሲ ቦርድ ሊቀመንበር ሪቻርድ ሻርፕ ከመሾማቸው በፊት ለገዢው ፓርቲ ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ የለገሱ ሰው ነበሩ። ቦሪስ ጆንሰን ብድር ሲፈልጉ ገብተውበት የነበረውን ጣልቃ ገብነት ባለመግለጻቸውም በኤፕሪል 2023 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለጋሹ ገለልተኛ፣ ተናጋሪው ወገንተኛ! ዳኝነት ይሏል ይሄ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ኢያን ራይት «ሊንከር ከሌለ እኔም የለሁም» አለ። አለን ሺረር ተከተለው። የጨዋታ አስተላላፊዎቹም አንሠራም አሉ። ማርች 11 ፕሮግራሙ ያለ አቅራቢ፣ ያለ ተንታኝ፣ ያለ ጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ 20 ደቂቃ ያህል ታይቶ አለቀ። ሰኞ ዕለት ቢቢሲ እጁን ሰጠ።

የኛስ ቤት? በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው «በሜዳችን» ነበር። ሜዳችን ግን ማላዊ ነበር! ስታዲየሞቻችን መስፈርት አላሟሉም ብሎ ካፍ ስለከለከለን። በመንግሥት ጣቢያ ጎሉን ሲያስጮኹት ሰምቻለሁ። «100 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አገር አንድ ሜዳ ያጣው በማን ጥፋት ነው?» ብሎ ሹሙን አፋጥጦ የያዘ አቅራቢ ግን እኔ አልሰማሁም። «እኛ ስፖርተኞች ነን፣ ፖለቲካ አናውቅም» ይሉናል። ሜዳ ማጣት ፖለቲካ ካልሆነ ምንድነው?

ደፍሮ የተናገረ አንድ እንኳ ቢገኝና ከሥራው ቢነሳ፣ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ባልደረባው ይቀመጥበታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን የተረትነው እኛ፣ የሠሩበት እነሱ!

ሊንከርን ታቦት ላደርገው አልፈልግም። በሜይ 2025 ስለ ጽዮናዊነት የአይጥ ሥዕል ያለበት መልእክት አጋርቷል። ያ ሥዕል አይሁዶችን ለማዋረድ ሲያገለግል የኖረ ነው። ጥፋት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ ከቢቢሲ ወጣ። የ2025ቱ ጥፋት ግን የ2023ቱን እውነት ውሸት አያደርገውም።

እናንት ማይክ ጨባጮች! ከናንተ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ እንዲቀርባችሁ የጠየቀ የለም። የሚባረረው ባልደረባችሁ ወንበር ላይ በማግስቱ አትቀመጡ፤ ይኸው ነው ልመናዬ።