ሰም የሌለው ወርቅ

ምሳሌ ለሕፃናት ነው፤ ለዐዋቂ ግን ምሥጢሩን ያለ ሽፋን መንገር ይገባል የሚሉ ሰባክያን አሉ። እኔ ይኽን አልቀበልም።

ጌታችን ስለ ንስሐ ሲያስተምር፥ ከ10 ድሪም አንዱ የጠፋባት ሴት መብራት አብርታ ቤቷን ስትጠርግ አሳየን። ይኽን የሰማች ባልቴት መጥረጊያ ባነሣች ቍጥር ትምህርቱን ታስባለች። በውዳሴ ማርያምም የእመቤታችን ክብር፥ ነድዳ ባልተቃጠለችው በሙሴ ዕፅ ተመስሎ እናገኘዋለን። ታዲያ ይኽ ኹሉ ለሕፃናት ነውን?

በአንድ በዓል፥ ስለ ንስሐ ረዥም ስብከት ከተሰበከ በኋላ አንዲትን እናት «ምን ተማሩ?» ብላቸው፥ «ከፍ ያለ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም» አሉኝ። ለንስሐ የመጣች ነፍስ ባዶዋን ተመለሰች።

ምሳሌ ሲበዛ ምሥጢርን ይሸፍናል የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን አንጥረኛውን ተመልከቱ፤ በሰም ቅርጽ ያወጣል፥ በጭቃ ይመርገዋል፥ ሰሙን በእሳት አቅልጦ በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ መግቢያ የለውም፤ ሰሙ ካልነበረ ግን መልክ የለውም።

እንግዲህ ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ የምታስተምሩትን ሕዝብ ምድጃውንና ማሳውን ዕወቁ፤ ወርቁ በእጃችን ሳለ መልክ አጥቶ አይቅር።