እቁቡ ወጥቷል፤ ውጤቱ ግን አልወጣም

ነሐሴ ሲጋመስ የመብራት እንጨቱ ሁሉ የኮሌጅ ማስታወቂያ ይሆናል። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነስታችሁ ወደ መርካቶ ብትዘልቁ «ምዝገባ ጀምረናል»፣ «ቀድመው ለሚመዘገቡ ልዩ ቅናሽ» የሚለውን ወረቀት ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ደግሞ ውጤቱን እየጠበቀ እንቅልፍ የለውም። ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤም የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስሜንና የተማርኩበትን ትምህርት ቤት አደራ እንዳያወጡብኝ። የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ እማዬ ነጠላና ኩታ እየሸጠች ሦስታችንን ታሳድጋለች። በየሳምንቱ 1,500 ብር የምትጥልበት የ40 ሰው እቁብ አላት። ባለፈው እሑድ፣ በ11ኛው ሳምንት፣ ዕጣው ወጣላት። 60 ሺህ ብር መሆኑ ነው! ‹ይሄ ያንቺ የትምህርት ነው› ብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው።

አንድ የግል ኮሌጅ ሄጄ ስጠይቅ አካውንቲንግ በዓመት 40 ሺህ ብር ነው፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ሙሉውን ለከፈለ 10 በመቶ ይቀነስለታል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቦታ ላይኖር ይችላል አሉኝ። የተከፈለ አይመለስም። አጎቴ ‹ውጤቱ ምን እንደሚሆን በምን ታውቂያለሽ? ገንዘቡ ሱቅ ይግባና ይራባ› ይላል። ሁለት ጓደኞቼ ከፍለው ጨርሰዋል። እኔ ሒሳብ ላይ እጠራጠራለሁ። ደግሞስ ባልፍ? መንግሥት ሩቅ አገር ቢመድበኝ እማዬን ለማን ጥያት እሄዳለሁ? የደም ግፊት አለባት። ልክፈል ወይስ ልጠብቅ? ጳጉሜን ሳይገባ ይመልሱልኝ።»

እህቴ፣ ጳጉሜን ሳይገባ ይኸው መልሴ፦ አትክፈዪ። ግን ቁጭ ብለሽም አትጠብቂ። ነገሩን ላብራራልሽ።

በመጀመሪያ ስለ እቁቡ እናውራ። እናትሽ 11 ሳምንት ጥለዋል፤ 29 ሳምንት ይቀራቸዋል። 29ኙን በ1,500 ብታባዢው 43,500 ብር ይመጣል። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ ካለው ገንዘብ አብዛኛው ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው ማለት ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብድር እንደያዘ ቁጠሪው። ኮሌጁ የሚቀንስልሽ 4,000 ብር ነው፤ ቀድመሽ የምታስረክቢው 36,000 ብር ነው። 4,000 ለማትረፍ የማይመለስ 36,000 አስቀድሞ የሚከፍል የመርካቶ ነጋዴ አለ? ዕቃውን ሳያይ ቢበዛ ቀብድ ይሰጥ ይሆናል እንጂ!

ሁለተኛው ነገር፣ ይህ ቅድሚያ ክፍያ ምን ይገዛልሻል? በአሜሪካ ቀደም ብሎ የማመልከት ልማድ አለ። ተማሪው በኅዳር ገደማ ወደ አንድ ኮሌጅ ያመለክታል፣ ከተቀበላችሁኝ እገባለሁ ብሎ ቃል ይገባል፣ በወር በሁለት ወር ውስጥ መልሱን ያገኛል። ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ያውቃል። አንቺ ዘንድ ግን ቀድሞ የሚሄደው ገንዘቡ ብቻ ነው። ለዲግሪ ትምህርት የሚያበቃሽ የብሔራዊ ፈተናው ነጥብ ነው፤ ኮሌጁ በደስታ ቢቀበልሽም ነጥቡን ሊፈጥርልሽ አይችልም። ቀኑንም ቢሆን ማንም አይወስንልሽም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት የመጣው ጥር 2015 ነበር። የ2015ቱ መስከረም 2016 ሊያልቅ ሲል መጣ። የ2017ቱ ደግሞ ዕንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ በመስከረም 2018 መጀመሪያ።

ሟርተኛ አትበዪኝ እንጂ ቁጥሩንም ማወቅ አለብሽ። ከተፈታኙ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015ቱ 3.2፣ በ2016ቱ 5.4፣ በ2017ቱ 8.4 በመቶ ነው። እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም በ2017 እንኳ ከመቶ ተማሪ ዘጠኝ አልሞላም። ይሄን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። «ቦታ ላይኖር ይችላል» የተባልሽውን መልሰሽ እንድታዪው ነው። የሚያልፈው ተማሪ እንዲህ ካነሰ ወንበሩ ነው ተማሪ የሚፈልገው! ማለፊያ ይዛ የመጣችን ልጅ፣ ገንዘቧንም የያዘችን፣ በር ላይ የሚመልስ የግል ኮሌጅ በቀላሉ አይገኝም።

አሁን አስቢው። ውጤቱ ሲመጣ ገንዘቡ በእጃችሁ ካለ ስንት በር ክፍት ነው? ካለፍሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የወጪ መጋራቱን የምትከፍዪው ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ነው። ከእናትሽ መራቅ ከከበደሽ የግሉ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነውና አገባቡን ከአሁኑ ሄደሽ ጠይቂ፤ መጠየቅ የታክሲ ብቻ ነው። ለጥቂት ካልሞላልሽ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል የሚሉት፣ አለ፤ ትምህርት ሚኒስቴር ለዚያ የሚቆርጠውን ነጥብ ተከታተዪ። ያም ካልሆነ በግል እንደገና መፈተን፣ ወይም ቴክኒክና ሙያ አለ። ተግባረ ዕድ ከሰፈርሽ ሩቅ አይደለም፤ እጁ ሙያ የያዘ ልጅ ሲራብ አላየንም። ለእያንዳንዱ በር ትንሽም ብትሆን ገንዘብ ያስፈልጋል። አሁን ከከፈልሽ ግን የሚቀርሽ አንድ በር ነው፤ እሱም ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው።

አጎትሽስ? አለመቸኮላቸው ልክ ነው። ሱቅ ይግባ ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም። ገንዘብ አንዴ ዕቃ ከሆነ ገበያ ሲቀዘቅዝ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ መስከረም ላይ «አምጡት» ቢባል ከየት ይመጣል? ሳጥኑም ቢሆን አያስተማምንም። ነገ ጠዋት ከእናትሽ ጋር ባንክ ሂዱና በስማቸው ይቀመጥ።

«አትጠብቂ» ያልኩሽ ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው። ከአሁኑ መወሰን ያለበት ብዙ ነገር አለ። አንድ ማታ ቡና አፍልታችሁ እናትሽም አጎትሽም ባሉበት ተነጋገሩ። ካለፍኩና ሩቅ ከተመደብኩ ማን እማዬን ሐኪም ቤት ይወስዳል? ታናናሾችሽስ ምን ያህል ያግዛሉ? ካላለፍኩ ሬሜዲያል ነው ወይስ ሙያ? ለትምህርት የሚወጣው ስንት ነው፣ ለቀሪው እቁብ የሚቀመጠውስ? ወረቀት ላይ ጻፉት። እናትሽ ምን እንደሚሉም ስሚ፤ ምናልባት ከሕመማቸው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው አንቺ በእሳቸው ምክንያት መቅረትሽ ይሆናል። አካውንቲንግንም ቢሆን ወደሽው ነው ወይስ ጓደኞችሽ ስለተመዘገቡበት? ይሄን ለራስሽ መልሺ።

በቀሪው ጊዜ ኮሌጅ እየዞርሽ ጠይቂ። ጥያቄዎቹን ልስጥሽ። የአካውንቲንግ ፈቃዳችሁን አሳዩኝ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት ዘርፉና ለካምፓሱ እንጂ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለምና ሌላ ካምፓስ ያለው ፈቃድ አንቺን አይጠቅምም። ቀጥሎ፣ ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ የመውጫ ፈተና አለፈ? ይሄኛው ዋናው ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ በስፋት ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ አለፈ፤ ከግሎቹ 17.2 በመቶ ብቻ። ከግሎቹም መካከል ጎበዞች አሉ፤ ጎበዙ ቁጥሩን ሲጠየቅ አይቆጣም። በመጨረሻም፣ ውጤት ባይመጣልኝ ገንዘቤን ትመልሳላችሁ? «አዎ» ካሉ በጽሑፍና በማኅተም ይስጡሽ። ያኔ አነስተኛ የመመዝገቢያ ብትከፍዪ አልቃወምም። «አይ» ካሉ አመስግነሽ ውጪ።

ጓደኞችሽን አትውቀሺ፣ አትቅኚም። የቤታቸው ኪስ ሌላ ሊሆን ይችላል። የአንቺ 60 ሺህ ግን እናትሽ ክረምት ከበጋ ቆመው የዋሉበት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የማይመለስ ክፍያ ግን ተለቅሞ አይገኝም። ስለዚህ ውሳኔሽ ይቅደም፣ ክፍያሽ ይከተል።

ውጤቱ ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት መስመር ጻፊልኝ። ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በሉ ሳምንት ያገናኘን!