የረፋዱ ገበታና የለቀምት ስም

ንግድ በሚዛንና በመጋዘን ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም፤ ገበታም የንግድ አደባባይ ነው። ገዢና ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚግባቡት ከማእድ ዙሪያ ተቀምጠው ነው፤ እንግዳም የአገሩን ሀብት አስቀድሞ የሚያውቀው በቀረበለት ምግብ ነው። ስለዚህ የነቀምቴና የወለጋ ከተሞች ነጋዴዎች የታላላቆቹን የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች አሠራር ቢመረምሩ ጊዜያቸውን በከንቱ አያጠፉም።

በፓሪስ፣ በሊዮን ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 የተከፈተ ዝነኛ ምግብ ቤት አለ። መነሻው የመንገደኞች ቡፌ ሲሆን በ1963 «ለ ትራን ብሉ»፣ ማለት «ሰማያዊው ባቡር» ተብሎ ተሰየመ። ጣራውና ግድግዳው በወርቅ ቅብና በሥዕል ያጌጠ ነው፤ ሥዕሎቹም ባቡሩ መንገደኛውን የሚያደርስባቸውን ከተሞችና የባሕር ዳርቻዎች ያሳያሉ። እንግዳው ገና ሳይበላ የአገሩን ስም በዓይኑ ያነባል ማለት ነው።

በእንዲህ ያሉ ቤቶች በረፋድ የሚቀርበው ማእድ ዛሬ «ብራንች» ይባላል። ስሙ የእንግሊዞች ነው፤ ጋይ ቤሪንገር የተባለ ጸሐፊ በ1895 ለእሑድ ቀን እንዲለመድ በጽሑፍ ያሳሰበበት ነው። ፈረንሳዮች ግን ከዚያ በፊት ሥጋና እንቁላል ያለበትን የረፋድ ምግብ «በሹካ የሚበላ ቁርስ» ይሉት ነበር። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ብርጭቆው ተወልውሎ፣ ክሮሳ የሚባለው በቅቤ የተጋገረ ዳቦ በትኩሱ ይመጣል፤ እንቁላሉ፣ ያጨሱት ዓሣ፣ አይቡ፣ ፍራፍሬው በተራ ይከተላል፤ በመጨረሻም ቡና ይቀዳል። አሳላፊው አይቸኩልም፤ እንግዳውም ሰዓቱን አይመለከትም፤ ሰዓቱ ራሱ ከተሸጠለት ዕቃ አንዱ ነውና። እንቁላልና ዱቄት፣ ቅቤና ፍራፍሬ ብርቅ ሸቀጦች አይደሉም፤ ዋጋቸውን ከፍ የሚያደርገው ንጽሕናው፣ ሥርዓቱና ስሙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴን ሊያስተምር የሚገባው ይህ ስም ነው። የፈረንሳይ የምግብ ዝርዝር ወይኑን «ወይን» ብሎ አያልፈውም፤ የተመረተበትን መንደርና ዓመት ይናገራል። ሮክፎር የተባለው አይብ ስሙ ከ1925 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለወይን ጠጆቹም በ1935 የትውልድ ስፍራን ስም የሚያስከብር ሕግ ወጥቶላቸዋል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ስም በኋላ ቡናው ሲቀርብ ብዙ ጊዜ «ቡና» ከመባል በቀር ሌላ ስም የለውም። ከልዩ ልዩ አገር ተቀላቅሎ የተቆላ በመሆኑ የወለጋ ገበሬ የለቀመው ፍሬ በውስጡ ቢኖርበት እንኳ የሚያውቀው የለም።

የነቀምቴ ነጋዴ ግን ስም የሌለው ሰው አይደለም። ቡናው በውጭ ገበያ በከተማዪቱ በቀድሞው አጠራር «ለቀምት» እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል፤ ጊምቢም እንዲሁ የታወቀ ስም ነው። ስም ገንዘብ መሆኑንም ኢትዮጵያ ራሷ አሳይታለች። በ2005 የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ጠይቃ፣ ከክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት አድርጋለች። ከሦስቱ ስሞች መካከል የወለጋ ስም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለቀምት በገዛ ከተማው ገበታ ላይ በስሙ ካልተጠራ፣ በፓሪስ እንዲጠራ ማን ይጠይቅለታል? ገዢው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከአዲስ አበባ ተጉዞ ነቀምቴ ሲደርስ፣ የባዕድ ዳቦና ስም የለሽ ቡና ቢቀርብለት፣ የአገሩን ሀብት በምን ያውቀዋል?

ምግብን በክብር መሸጥ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፣ ምግብ በገንዘብ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ከፍለው በመብላት አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል። የጂቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባም የፈረንሳይ ገበታ ሥርዓት አብሮ ገብቷል፤ «ለገሐር» የሚለው ስምና «ቡፌ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

የወለጋ የረፋድ ገበታ ከፈረንሳዩ የሚያንስበት ምክንያት የለም። በቅቤ የራሰ ጨጨብሳና ጩምቦ፣ ለመስቀል የሚናፈቀው አንጮቴ፣ ማር፣ እርጎ፣ በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላ፣ በመጨረሻም ከፊት ለፊት ተቆልቶ የሚፈላው ቡና፤ ይህን ሁሉ የጉቶ ጊዳና የአካባቢው ገበሬ ያቀርባል። ሰዓቱም የተዘጋጀ ነው፤ እሑድ ረፋድ ቀዳሹም አምላኪውም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት ጊዜ ነው። «ደዠኔ» የሚለው የፈረንሳዮች ቃል ትርጉሙ ጾም መፍታት መሆኑን ልብ ይሏል። በጾም ወራት ቅቤና እንቁላል የሌለበት የጾም ገበታ፣ ለእስላም እንግዳም በሥርዓቱ የታረደ ሥጋ መሰናዳት ይኖርበታል።

አንዳንዶች «በነቀምቴ ለቁርስ ይህን ያህል የሚከፍል ማን ነው?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት የሰላም መታወክ መንገደኛውን አሳንሷል፤ መንገድ ሲዘጋ ገበታም ይታጠፋል። ሆኖም ድሎት ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ሸክላና ብርጭቆ ማለት አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ፣ ትኩስ ምግብ፣ አስቀድሞ ተጽፎ የተሰቀለ ዋጋ፣ ከያንዳንዱም ምግብ አጠገብ የመጣበት ቀበሌ ስም፤ ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአንድ ሆቴል በእሑድ ቀን ብቻ ቢጀመር፣ ቅቤ ነጋዴው፣ ማር ሻጩ፣ ባለ ሱቁና ቡና ላኪው ሁሉ ድርሻ ያገኙበታል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የንግድን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴው ራሱ ነው። ለቀምት የሚለው ስም በጆንያ ላይ ተጽፎ ከአገር ከመውጣቱ አስቀድሞ በነቀምቴ ገበታ ላይ ይጻፍ።