አማናው ሳይረከብ ጋዋን አይወለቅም



ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ሩብ ሰዓት ነው። በሆስፒታል የቀኑ ተረኛ ወጥቶ የማታው ስለሚገባባት ሩብ ሰዓት።

እዚሁ አራዳ አብረውን ያደጉ ልጆች እናት የስኳር ሕመም አለባቸው። በአንድ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ጠዋት ስኳራቸው በጣም ወረደና ሐኪሙ የማታው ኢንሱሊን እንዲቀነስ አዘዘ። ማታ ወንዱ ልጃቸው መግሪብ ሊሰግድ እንደወጣ አዲሷ ተረኛ የተለመደውን መጠን ይዛ መጣች። አልጋው ሥር የተቀመጠችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው «ሲስተር፣ ጠዋት እኮ ይቀነስ ተብሏል» አለች። ነርሷ ካርዱን ገልጣ አየች፤ እውነት ነው። ደንግጣ አመሰገነቻት። አልሐምዱሊላህ፣ እናታችን ዛሬ ቤታቸው ናቸው።

ግን ልብ እንበል። የዚያን ዕለት ርክክቡን የፈጸመው ማን ነው? ሐኪሙ አይደለም። የቀኗ ነርስም አይደለችም። አንዲት ተማሪ ናት! እሷም ከወንድሟ ጋር ወጥታ ቢሆንስ? ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተልከው የመጡት፣ አጠገባቸው አስታማሚ የሌላቸው አባትስ ማን ይናገርላቸዋል?

አቋማችን ግልጽ ነው፦ ርክክብ ከሥራ መውጫ ወግ አይደለም፤ ራሱ ሕክምና ነው። «ሁሉም ደህና ናቸው፤ ቻው» ብሎ መውጣት ርክክብ አይባልም። አራዳ ሱቅ ያለው ሰው ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሲሄድ እንኳ መሳቢያውን ይቆጥራል፣ ዱቤ የወሰዱትን በስም ይጠራል፣ «ይቺ ጆንያ የሰው ናት፤ እንዳትሸጣት» ይላል። ለስኳር ጆንያ ያደረግነውን ለስኳር ሕመምተኛ እንነፍጋለን? አማና የሰጪው እጅ ስለተነሳ ብቻ ከጫንቃ አይወርድም። የሚወርደው ተቀባዩ አውቆ ሲረከብ ነው።

«ጫና አለ፤ ጊዜ የለም» የሚሉን አሉ። ጫናውን አንክድም። ጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው በመላ አገሪቱ ያነሱት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ብዙ ሕሙማን ሲይዝ ርክክብ ይበልጥ ያስፈልገዋል እንጂ አይቀርለትም። በአሜሪካና በካናዳ 9 ሆስፒታሎች ሐኪሞች በአንድ ወጥ ሥርዓት እንዲረካከቡ ሠልጥነው ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ይፋ የሆነው ውጤት ከ10,000 በላይ ሕፃናት ታካሚዎችን ያየ ነው። የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ ሊቀር ይችል የነበረው ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀነሰ። ርክክቡ የወሰደው ጊዜስ? የጎላ ለውጥ አላሳየም። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ ሥርዓት ብቻ ነው የገባው።

«ቀደር ነው» የሚለውም አለ። በቀደር እናምናለን። ሰበቡን ሳያደርሱ ለራስ ቸልተኝነት ቀደርን መሸፈኛ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞስ ጎንደር ለዚህ እንግዳ ናት? በፈረንጆቹ 1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ የሠለጠኑት እዚሁ ነው። ቡድን ማለት ደግሞ አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳያውቅ የማያድርበት ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? አራት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ርክክቡ በሩቅ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ይሁን። ሁለተኛ፣ የታካሚው ስም፣ ሕመሙ፣ ዛሬ የተደረገለት፣ ያልተደረገለት፣ ሌሊት ሊታይ የሚገባው ምልክት በቅደም ተከተል ይነገር። ሦስተኛ፣ ተቀባዩ የሰማውን መልሶ ይናገር፤ ያልገባውን ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ያለ ወጥ አሠራር እንዲኖርና የመጠየቂያ ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል። አራተኛ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙበት።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዘመዳችን ሲታመም መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ስልክ አንስተን «እዚያ የምናውቀው ሰው አለ?» እንላለን። የሚታወቅ ሰው የእኛን አልጋ ያድን ይሆናል፤ የቀጣዩን አልጋ ግን አያድንም። ስለዚህ ትውውቅ ከመፈለግ ሥርዓት መጠየቅ እንልመድ። ተረኛ ሲቀየር በአክብሮት «ሲስተር፣ እናታችንን ማን ተረከበልን? የዛሬው ለውጥ ተነግሯችኋል?» እንበል። ይህ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። ጩኸትና ስድብ ግን ከእኛ አይጠበቅም። የደከመች ነርስ ላይ መጮህ ሌላ ስህተት ይጨምራል እንጂ ታማሚ አያድንም።

ነርሲንግና ሕክምና የምትማሩ፣ ሆስፒታል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶቻችን፣ ትልቁ ድርሻ የእናንተ ነው። አለቃ እስኪያዝዝ አትጠብቁ። ነገ ማታ ከመውጣታችሁ በፊት በየአልጋው አምስት ደቂቃ ባይሆን አንድ ደቂቃ ቁሙ። ተቀባዩ «ገባኝ፤ ተረክቤያለሁ» እስኪል ጋዋናችሁን አታውልቁ።

የሚቀጥለው ታማሚ አጠገብ ያቺ ልጅ አትኖርም።