«እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«የእኔን ስልክ ሰብሮ ምን ሊያገኝ ነው?» ይህቺን አባባል በየካፌው፣ በየቢሮውና በየዶርሙ ትሰሟታላችሁ። ተናጋሪው ትሑት ይመስላል፤ ገንዘብም ሚስጥርም የለኝም ማለቱ ነው። እኛ ግን ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው እንላለን። ሲብስም ለሌላው ሰው ደንታ ቢስነት ነው።

ሌባው የሚፈልገው የባለስልኩን ስም ነው። የአንድ ሰው ቴሌግራም ሲሰረቅ ብዙ ጊዜ የሚዘረፈው ባለቤቱ ሳይሆን ወዳጁ ነው። «ቸግሮኝ ነው፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ለአብሮ አደጉም ለአክስቱም ይደርሳል። አክስት ደግሞ የወንድሟ ልጅ ቸገረኝ ሲላት መታወቂያ አትጠይቅም፤ ትልካለች።

ይህ ሁሉ የረቀቀ ጥበብ የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ። «ኮድ በስህተት ወደ አንተ ስልክ ተልኮብኝ ነው፣ ንገረኝ» ሲባል የሚናገር ሰው ካለ በቂ ነው። ኮድን ለማንም አለመንገር ምንም አያስከፍልም። ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባትም ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

«አፕዴት ዳታ ይበላል» የሚሉም አሉ። በአውሮፓውያኑ ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያምስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዋል። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ሁለት ወር ቀድሞ፣ በመጋቢት ነበር! እና ዳታው ይሻላል ወይስ ፋይሉ? ዋይፋይ ሲገኝ ማውረድ ማንን ገደለ?

የይለፍ ቃሉ ጉዳይማ ያስቃል። ለኢሜይሉም ለፌስቡኩም ለባንኩም ያው አንዱ ቃል፤ ለቤቱም ለሱቁም ለሳጥኑም አንድ ቁልፍ እንደሚያስቀርጽ ሰው። ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ ስልካችን ቦርሳችንም ሆኗል፤ ፒኑ ግን ዛሬም የትውልድ ዓመት ነው። እሱንም ቢሆን «ከወደድሽኝ ንገሪኝ» ለሚል ጓደኛ አሳልፎ መስጠት እንደ ፍቅር ይቆጠራል። ፒን መደበቅ ግን አለመተማመን አይደለም። የቤቱን በር የሚቆልፍ ሰው ጎረቤቱን ሰደበ ይባላል እንዴ?

ስለዚህ «እኔን ማን ይፈልገኛል?» ለሚል ወዳጅ መልሳችን አጭር ነው፦ አንተን የሚፈልግ ባይኖር እንኳ፣ በአንተ ስም ቢጠየቁ እምቢ የማይሉትን የሚፈልግ አለ። ለራስህ ካልሆነ ለእነሱ ስትል ቆልፍ።